ልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ታዋጣለች?

ጥያቄው፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ጠዋት ልጆቼን ሜክሲኮ ትምህርት ቤት አድርሼ አራት ኪሎ ሥራ እገባለሁ። ያለችኝ አሮጌ ቪትዝ ናት። ትሠራለች፣ ግን የነዳጁ ወረፋም ዋጋም አስመርሮኛል። አንድ ደላላ ያገለገለች ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና አሳየኝ። ‹በአንድ ቻርጅ 300 ኪሎሜትር ትሄዳለች› አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ባትሪው ሲሞት ቆርቆሮ ነው የሚቀርሽ› ይላል። ለዕለት ሥራ ታስተማምናለች? በዓመት አንዴ ሁለቴ ሀዋሳ ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን፤ እሱስ?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሥራዬ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብኛል። ሳላንዛዛ ልመልስ። መኪናዋ ለእርስዎ መንገድ ከበቂ በላይ ናት። በደንብ ከተመረጠች ደግሞ አታስቸግርም። ነገር ግን ማታ የምትሰካበት ቦታ ሳያዘጋጁ ቀብድ እንዳይከፍሉ። የሚገዙት ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ ከሆነም፣ ሒሳቡ ደላላው እንደሚያወራው አይደለም።

መጀመሪያ «300 ኪሎሜትር» የሚለውን እንየው። ደላላው ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም። ለምሳሌ ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ) ባትሪዋ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎሜትር ተብሎ ተጽፎላታል። የቻይና መለኪያ ግን ቸር ነው። በእኛ መንገድ፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ መስኮቱ ጭጋግ ሲይዝ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ 200 ኪሎሜትርን ይዘው ቢያስቡ አይሸወዱም። ለእርስዎ እሱም ይበዛል። ከልደታ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ፣ ከዚያ መልስ፣ ጎን ለጎን ገበያና ዘመድ ጥየቃ ተደምሮ በቀን 25 ወይም 30 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ቻርጅ የሥራ ሳምንቱን ይጨርሳሉ።

አዲስ አበባ ለዚህ መኪና የተመቸች ከተማ ናት። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። እንደ ቪትዝ ያለ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጉልበቱ ሙሉ ነው። ቁልቁለቱን ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። መጨናነቅም አይጎዳትም። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሞተሩ ምንም አይበላም። የአየር ንብረታችንም ለባትሪ ምቹ ነው። የቻይና ሰሜን የሚያውቀው ብርድ የለብን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያውቁት ሙቀትም የለብን። ባትሪ እንደ ሰው ለብ ያለ አየር ይወዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሶኬቱ።

ብዙ ሰው መኪናዋን ገዝቶ ነው ስለ ሶኬት የሚያስበው። አንድ ደንበኛዬ ቤት ቻርጀሩ አልሠራም ብሎ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ቻርጀሩ ምንም አልሆነም። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን በቀኝ ቀዳዳው በኩል ቀልጦ፣ ፕላስቲኩ ወደ ታች ተንጠባጥቦ ደርቋል። ስከፍተው ሽቦው ከብሎኑ ላልቷል፤ ልባሱ ጥቁር ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከላይ ደግሞ የልጆቹ አልጋ የሚቆምበት ክፍል ነው። የላላ ብሎን ለሻይ ማፍያ አምስት ደቂቃ ችሎ ያልፋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ 10 አምፔር ሲጎተትበት ግን ይቃጠላል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በዋዛ አይዩብኝ።

መልካሙ ዜና፣ እርስዎ ትልቅ ቻርጀር አያስፈልግዎትም። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢወስድ 2.2 ኪሎዋት ነው። ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ተሰክታ ብታድር፣ የሚባክነው ተቀንሶ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይገባላታል። ይህ 100 ኪሎሜትር ይወስድዎታል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ይበቃል ማለት ነው። 7 ኪሎዋት የሚሰጠውና 32 አምፔር የሚፈልገው የግድግዳ ቻርጀር በቀን 150 ኪሎሜትር ለሚሠራ የራይድ ሹፌር ነው የሚሆነው። ሻጭ «ይሄን ካልጨመሩ» ቢልዎት እሺ አይበሉ።

የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ መስመር ነው። ከራስዎ ቆጣሪ የሚነሳ፣ ለመኪናዋ ብቻ የሆነ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። ብሎካችሁ ቆጣሪዎቹን ታች ሰብስቦ ካስቀመጠ ዕድለኛ ነዎት፤ ከዚያ እስከ ማቆሚያው ያለው ርቀት ነው ወጪው። ኬብሉ ረጅም ከሆነ ከ4 ሚሊሜትር ካሬ የቀጠነ አልመክርም። ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይግባለት። በተለይ ደግሞ ኧርዝ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ። በቆዩ ሰፈሮቻችን ኧርዝ የሌለው ቤት ሞልቷል። ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፤ ከጀርባው ግን ምንም የታሰረ ነገር የለም። ደህና ቻርጀር ይህን ካየ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ኑልን (የኮረንቲውን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን «ያታልለዋል»። በፍጹም አይፍቀዱ። ኑሉ አንድ ቦታ የተበጠሰ ቀን የመኪናዋ ላሜራ ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። በር የሚከፍቱት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ከ3ኛ ፎቅ በረንዳ ኤክስቴንሽን ማንጠልጠልንም እርሱት። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ይግላል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ ጎረቤት ይረግጠዋል። ከብሎካችሁ ኮሚቴ ጋር ቁጭ ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። የጋራ መብራት እንደማይነኩ፣ ከራስዎ ቆጣሪ እንደሚከፍሉ፣ ኬብሉ በቱቦ ተቀብሮ እንደሚሄድ። ዛሬ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ነገ አምስት ጎረቤት ይህንኑ ይጠይቃል። አሁን ሥርዓት ያለው መስመር ቢዘረጋ ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ።

ኮሚቴው ጨርሶ እምቢ ካለስ? ያኔ በሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ብቻ መኖር ሊሆን ነው። ይቻላል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ የከፈተውን ዓይነት ፈጣን ጣቢያ አለ፤ ክፍያው በቴሌብር ነው። ግን ከልደታ ተነስተው፣ በዚያ መጨናነቅ ቦሌ ደርሰው፣ ተራ ጠብቀው ሊመለሱ ነው። የነዳጁን ወረፋ በሌላ ወረፋ መለወጥ እንዳይሆንብዎት እሰጋለሁ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ይግዙ» ብዬ አልመክርም። መሥሪያ ቤትዎ ግቢ ውስጥ መሰካት ከፈቀደ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቀን ስምንት ሰዓት ቆማ ነው የምትውለው። ይጠይቁ።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል ለሚሉት፣ ሙሉውን ሌሊት ቢጠፋ እንኳ የትናንቱ ቻርጅ ሦስት አራት ቀን ይወስድዎታል። የሚያሳስበኝ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ነው። ብልጭ ድርግም በሚልበት ምሽት ነቅለው ይጠብቁ። ራት በሚሠራበት ሰዓት ቮልቴጁ ስለሚወርድ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንድትጀምር መኪናዋ ላይ ሰዓት ይሙሉላት።

አሁን ለባለቤትዎ ልመልስ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

ርካሽ የሚባሉት የቻይና መኪኖች አብዛኞቹ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው ያላቸው። ይህ ዓይነት ባትሪ ክብደቱ ከፍ ይላል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው፤ በቀላሉም እሳት አይነሳበትም። አንድ ቀን ድንገት አይሞትም። ቀስ እያለ ነው አቅሙ የሚቀንሰው። ከ30 ኪሎዋት ሰዓቱ አንድ አምስተኛው ቢሄድ እንኳ 24 ይቀራል። እሱ 160 ኪሎሜትር ነው። እርስዎ በቀን 30 ነው የሚሄዱት። ባትሪው አርጅቶ እርስዎን የሚያስቸግርበት ቀን ሩቅ ነው። ለዚህ ባትሪ አንድ ምክር አለኝ፦ በሳምንት አንድ ቀን እስከ 100 ይሙሉት። የፎስፌት ባትሪ ቮልቴጁ ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ሙሉ ካልተሞላ ኮምፒውተሩ የቀረውን መጠን መገመት ይሳነዋል። «20 በመቶ አለኝ» ያለ መኪና ድንገት የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የሌላውን ዓይነት፣ ኒኬልና ኮባልት ያለበትን ባትሪ ግን ለዘወትር 80 ላይ ማቆም ይሻላል። ስለዚህ የምትገዙት የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አይውጡ።

የሚያሳስበኝ ከሥር የሚመታው ነው። ባትሪው ወለሉ ሥር ተነጥፎ ነው ያለው። ትንንሾቹ መኪኖች ደግሞ ዝቅ ያሉ ናቸው። ያልተመዘነ የፍጥነት መቀነሻ፣ ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድ፣ የተነቀለ ኮብልስቶን፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ያገለገለች መኪና ሲያዩ መጀመሪያ ቀለሟን አይመልከቱ። ጋራዥ ወስደው መኪና ማንሻ ሊፍት ላይ ትውጣ። የባትሪው ሳጥን ጠርዝ ተጎድቷል? የገባ ቦታ አለ? ብሎኖቹ ተፈትተው ታስረዋል? የብሎኑ ራስ ላይ የፋብሪካው ምልክት ቀለም ከተሰነጠቀ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። «ለምን?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚያ ኮምፒውተር ይሰካላት። ባለሙያው የእያንዳንዱን ሴል (ትልቁ ባትሪ የተገጣጠመባቸው ትንንሽ ባትሪዎች) ቮልቴጅ ያሳይዎት። ባትሪው ግማሽ ላይ ሆኖ መኪናዋ ቆማ ሳለ በትልቁና በትንሹ ሴል መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ሚሊቮልት ከበለጠ እኔ እጠራጠራለሁ። ዳገት እየወጣች ደግሞ ይታይ። አንዱ ሴል ብቻውን ዝቅ ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ደካማው እሱ ነው። «ባትሪዋ አዲስ ነው» የሚለው ንግግር በዚህ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይጣራል። ምርመራው የሚያስከፍለው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሻጩ ሊፍትም ኮምፒውተርም እምቢ ካለ መልስዎን አግኝተዋል።

የጎርፍ መኪናም አለ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት። ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ መስመር ካለ፣ ምንጣፉ ሥር የሻጋታ ሽታ ካለ፣ ይተዉት። ጤነኛዋ መኪና ግን ክረምትን አትፈራም። የባትሪዎቹ ሳጥን ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ተፈትኖ ነው የሚሠራው። ይህ ለክፉ ቀን ነው እንጂ የተጠራቀመ ጎርፍ ግቡበት ማለት አይደለም።

ታዲያ በዕለት አጠቃቀም ምን ይበላሻል? እኔ ዘንድ በጣም የሚመጣው ብልሽት ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። አዎ፣ ይቺ መኪናም እንደ ቪትዝ ትንሽ ባትሪ አላት። ኮምፒውተሩንና በሮቹን የምታስነሳው እሷ ናት። እሷ ከወደቀች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ ድርቅ ትላለች፤ ሰውም «ባትሪው ሞተ» ብሎ ይደነግጣል። የሚያስፈልጋት የትንሿ ባትሪ ቅያሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጎማ ነው። መኪናዋ ከባድ ናት፣ ስትነሳም ፈጣን ናት፤ ጎማ ቶሎ ትጨርሳለች። ሾክና የታች ኩሽኔቶችም በእኛ መንገድ አይተርፉም። በተቃራኒው የፍሬን ሸራው ሞተሩ ስለሚያግዘው ረጅም ዕድሜ አለው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ጣጣ የለም። የማቀዝቀዣ ውኃ ግን አላት፤ ማንም ሰው የቧንቧ ውኃ እንዳይጨምርባት።

ከሁሉም የሚያስመርረው መለዋወጫ ነው። ሞተሩ ሳይሆን የፊት መብራቱ፣ ባምፐሩ፣ ስፖኪዮው፣ የፊት መስታወቱ። ሚኒባስ ስፖኪዮዋን ገጭቶ ቢያልፍ የቪትዝ ከሆነ ሶማሌ ተራ ወርደው በዕለቱ ያገኙታል። የአንዳንድ የቻይና መኪና ስፖኪዮ ግን ከቻይና ታዞ እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ በብዛት የሚታየውን ሞዴል ይምረጡ። ለየት ያለውን፣ በርካሽ የመጣውን፣ ከእርስዎ ሌላ ማንም የማይነዳውን አይመኙ። ለቻይና ገበያ ተሠርታ የመጣች ከሆነች የፋብሪካው ዋስትና እዚያው ቻይና ነው የቀረው። ሻጩ የሚሰጠው ዋስትና በወረቀት ይሁን፣ ባትሪውን በስም ይጥቀስ፣ የት እንደሚጠገንም ይጻፍበት። መሰኪያዋንም ይዩ። የቻይናዎቹ ሁለት የተለያየ ቀዳዳ አላቸው፤ ሰባት ፒን ያለው ለዝግተኛው፣ ዘጠኝ ፒን ያለው ለፈጣኑ ነው። ዘጠኝ ፒኑ ጨርሶ የሌላቸው በጣም ትንንሽ መኪኖችም አሉ፤ በፈጣን ጣቢያ አይስተናገዱም።

አሁን ወደ ነዳጁ ሒሳብ ልመለስ። በወር 800 ኪሎሜትር እንበል። ቪትዝ በዚህ መጨናነቅ ለ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር ብትጠጣ 64 ሊትር ነው። ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል፤ ለማስላት እንዲቀል 100 እንያዘው። 6,400 ብር። ኤሌክትሪኳ ለ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ብትወስድ በወር 120 ነው። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ አንዱን በ10 ብር ላስላው። 1,200 ብር። በወር 5,200፣ በዓመት 62,400 ብር ይተርፍዎታል።

እንግዲህ ቪትዟን ሸጠው አንድ ሚሊዮን ብር ቢጨምሩ፣ ያ ገንዘብ በነዳጅ ቁጠባ ብቻ የሚመለሰው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በወር 4,000 ኪሎሜትር የሚነዳ የራይድ ሹፌር ግን በዚሁ ስሌት በዓመት 312,000 ብር ስለሚያተርፍ ከሦስት ዓመት ትንሽ ቢያልፍ መልሶታል። ለእሱ ዓይኑን ሳያሽ ይግዛ እላለሁ። ለእርስዎ መልሴ የሚወሰነው በቪትዟ ጤና ነው። ሞተሯ ጭስ ካልጀመረ፣ ካምቢዮዋ ካልተንሸራተተ፣ ለማርጀቷ ብቻ አይሽጧት። ገበያው ላይ ዋጋዋን ይዛለች፣ ቢጠብቁም አይጎዱም። ትልቅ ጥገና ከጠየቀችዎ ግን ያንን ብር አሮጌ ሞተር ላይ አያፍስሱ፤ ያኔ መስመርዎን ዘርግተው ወደ ኤሌክትሪኳ ይሻገሩ። የወረፋው ምሬት በብር አይለካም፤ ያንን ሚዛን ላይ የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት።

የሀዋሳው ጉዞ ቀረን። 275 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። በፈጣኑ መንገድ 100 እየነዱ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ይዞ፣ ትንሿ መኪና በአንድ ቻርጅ አታደርስዎትም። ስትሄድ ቁልቁለቱ ያግዛታል። ስትመለስ ግን ከስምጥ ሸለቆው ወደ አዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ለዚያ ዳገት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከባትሪዋ አንድ አሥረኛውን ትከፍላለች። መንገድ ላይ በፈጣን ቻርጀር አንዴ መሙላት የግድ ነው። ከመነሳትዎ በፊት በዋዜማው ጣቢያው ጋ ደውለው ሁለት ነገር ያረጋግጡ፤ መብራት መኖሩንና የእርስዎ ዘጠኝ ፒን መሰኪያ መኖሩን። ሁለቱንም ያረጋገጠልዎት ሰው ከሌለ፣ ለዚያ አንድ ጉዞ ልጆቹን በአውቶቡስ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ መኪናዋም ልደታ ተሰክታ ትጠብቅዎት።